ክብ ጅራቷን ፍለጋ ወደ ፒያሳ

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አዳማ

ከቤት ስወጣ የያዝኩት አንድ የልብስ ቦርሳ፣ አንድ አሮጌ ካርቶንና በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ነበር። ጉዳዬ መኪና መግዛት ነው። መኪና ስል ግን ቤተሰብ የሚሳፈርባትን አይደለም። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ፣ በጃንሆይ ዘመን ከጣሊያን የገባች ቀይ አልፋ ናት፤ ስፖርት መኪና፣ ያውም የመጀመሪያው ዓመት ምርት።

የመጀመሪያው ዓመት ለምን እንዳስፈለገኝ ላስረዳ። አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ሱቁን ያወረሰኝ አባቴ አሊ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ፒያሳ አንድ ጣሊያናዊ አስመጪ ዘንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። ሰውዬው አገሩ ሲገባ የተረፈውን ዕቃ ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሳይሸጥ የቀረው ይህ የያዝኩት ካርቶን ብቻ ነው፤ ውስጡ ለዚህች መኪና የመጡ የካርቡራተር ዕቃዎችና በሰም ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት የፊት መብራት መሸፈኛዎች አሉ። የኋለኞቹ ሞዴሎች ጅራታቸው ቁርጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ግን ክብ፣ ወደ ጫፉ እንደ ጀልባ ሾጠጥ ያለ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ካርቶኑን አቧራ እያራገፈ፣ "ክብ ጅራቷ አንድ ቀን ትመጣለች" ይል ነበር። እኔ ሃምሳ ዓመት ሞላኝ፤ አልመጣችም።

ሰኞ ዕለት ግን ጋሽ ተካ ደወሉልኝ። ጋሽ ተካ ሰባውን ያለፉ፣ ዶሮ ማነቂያ ተወልደው ያደጉ፣ የጣሊያን መኪና ሲበላሽ ከሩቅ ድምፁን ሰምተው ሕመሙን የሚናገሩ መካኒክ ናቸው። ስማቸው ተካ ይሁን እንጂ ዕቃ መተካት አይወዱም፤ ይጠግናሉ። ለመለዋወጫ ነጋዴ እንዲህ ያለ ሰው ጠላት ነው፤ ለእኔ ግን የአባቴ ወዳጅ ናቸው።

"የአሊ ልጅ" አሉኝ፣ "ክብ ጅራቷ ተገኝታለች። ውቤ በረሃ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ አርጅታለች። ባለቤቷ ቤቱን በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ያስረክባሉ። ነገ ከነገ ወዲያ እያልሽ ከቆየሽ የለችም።"

ባለቤቴ ጀማል መምህር ነው፤ ነገር ሲመዝን ቀስ ይላል። እቁቤ የደረሰኝ በዚያው ወር መሆኑን ያውቃል። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና፣ "ሱቁን እኔ እከፍታለሁ፤ አንቺ ሂጂ" አለኝ።

ከመናኸሪያ በሁለት መቶ ብር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በፈጣኑ መንገድ ገስግሰን ቃሊቲ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ለስላሳ ነበረች። ከዚያ ታክሲ ቀያይሬ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወጣሁ። ፒያሳን ከአምስት ዓመት በፊት ያየ ሰው ዛሬ መንገድ ይጠይቃል። እግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ አንዳንዱ የማውቀው ቤት የነበረበት ቦታ ሰማይ ሆኗል። የቀረችው አንዲት ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ፉል በላሁ፣ ማኪያቶ ጠጣሁ። ማኪያቶው ሰባ ብር ገብቷል፤ ጣዕሙ ግን ያው የድሮው ነው።

ረቡዕ፣ 5 ሰዓት፣ ውቤ በረሃ

ጋሽ ተካ በአሮጌዋ ፎልክሳቸው መጥተው ወደ ቁልቁለቱ ወሰዱኝ። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አንኳኩ። የከፈቱልን እማማ አስቴር ናቸው፦ ሰማንያ ሊሞላቸው አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ከንፈራቸውን በስሱ የተቀቡ ሴት። ግቢው ውስጥ ፍራሽ፣ ቁም ሳጥንና ድስት በገመድ ታስሮ ተደርድሯል። ቤቱ ለመንገድ ሥራ ስለሚፈርስ ገላን በተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ሊገቡ ነው።

መኪናዋ ከጓሮው፣ ከእንጨት በረንዳው ሥር ነበረች። ሸራውን ሲገልጡት መጀመሪያ ያየሁት ጅራቷን ነው። ክብ ነው። ጎንበስ ብዬ አቧራውን በመዳፌ ጠረግኩላት።

ነጋዴ ነኝና ወዲያው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማግኔቴን አውጥቼ በበሮቿ፣ በጎማ መሸፈኛዎቿ፣ በኮፈኗ ላይ አስኬድኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አሉ እማማ አስቴር።

"ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ብረቱ ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው እማማ።"

"እሷ ላይ ስቱኮ የለም። ስቱኮ ያለው እኔ ላይ ነው" አሉና ጉንጫቸውን ነካ አደረጉ።

እውነታቸውን ነው። ማግኔቱ የትም ቦታ አልከዳኝም። የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ፤ አንድ ነው። በሹፌሩ እግር ሥር ወለሉ ዝጎ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለው፤ ጎማዎቹ ፈርሰዋል፣ የወንበሩን ቆዳ አይጥ ቀምሶታል። ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እማማ አስቴር በወጣትነታቸው የአንድ ጨርቅ አስመጪ ጸሐፊ ነበሩ። አለቃቸው ሌላ መኪና ሲያስመጣ ይህችን በርካሽ ሸጠላቸው። በዚያ ዘመን ሻሽ አስረው፣ ጣሪያ ገልጠው ፒያሳን ሲዞሩ የማያፏጭ ጎረምሳ አልነበረም አሉኝ። በኋላ ቤንዚን በኩፖን ሲሆን ግቢ አስገብተው አቆሟት። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ግን ሞተሯ ውስጥ ዘይት ጠብ አድርገው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ማርሽ አስገብተው ወዲያና ወዲህ ያስገፏት ነበር፤ ሞተሩ ዝጎ እንዳይነክስ።

"አንድም ዓመት አልዘለልኩም" አሉ። "ወንድሜ የሞተ ዓመት እንኳ።"

ዋጋውን ተነጋገርን፤ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ላይ ተስማማን። እጄን ስዘረጋ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ሌላ ፈላጊ አለ። ደላላ ልኮ ሁለት ሚሊዮን ብሎኛል። ሞተሯን አውጥቶ ሆቴል ውስጥ ሊያቆማትና ሆዷ ውስጥ መጠጥ ሊደረድርባት ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ በር ነድቼ አስገብቻታለሁ፣ ተነድታ ትውጣ። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካስነሳችኋት በተባባልነው ዋጋ ያንቺ ናት። ካልተነሳች ለሰውዬው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ይዣት አልወጣ!"

ሦስት ቀን ነው የተሰጠን። ጋሽ ተካን አየኋቸው። ኮታቸውን እያወለቁ ነበር።

ሐሙስና አርብ

ያደርኩት አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ፔንሲዮን ነው። ሐሙስ ጠዋት ከተማሪውና ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር ታክሲ ተጋፍቼ ወደ ውቤ በረሃ ተመለስኩ። ጋሽ ተካ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ካርቡራተሮቹን ፈትተው ጋዜጣ ላይ ዘርግተዋቸዋል። ውስጣቸው የደረቀ ቤንዚን ማር የመሰለ ሙጫ ሆኗል። ቤንዚን የሚቆጣጠረው መርፌ ደግሞ ተበልቶ አልቋል።

"ይኼ አይጠገንም" አሉ፣ ቃሉ ከአፋቸው በግድ እየወጣ።

ካርቶኔን ከፈትኩ። በአባቴ እጅ ጽሑፍ ምልክት የተደረገበትን ትንሽ ጥቅል አውጥቼ ሰጠኋቸው። መርፌውን ወደ ብርሃን አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ቦታው ከተቱት። ልክክ አለ። ጋሽ ተካ በዘመናቸው ዕቃ ተክተው ደስ ሲላቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጎማ ሌላ ጣጣ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሆኖም የፎልክስ ጎማ ልኳ ሆኖ ተገኘ፣ ፎልክስ ደግሞ አዲስ አበባ ሞልቷል። የፍሬኑን ጎሚኒ፣ ዘይት የሚይዘውን ላስቲክ፣ ጋሽ ተካ ከሌላ መኪና በልኩ መርጠው አስገቡ። የወለሉን ቀዳዳ አንድ በያጅ በላሜራ ደፈነው። የቤንዚን ታንከሩን አውርደን ጠጠርና ነዳጅ ጨምረንበት እየተቀባበልን ወዘወዝነው፤ ክንዴ ከእኔ የተለየ መስሎኝ ነበር። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ዕቃ ሸጫለሁ እንጂ እንዲህ ከዕቃ ጋር ታግዬ አላውቅም።

አርብ ምሳ የሰጡን እማማ አስቴር ናቸው። "ጾም ነው፤ ስለዚህ ከአንቺ ጋር አንድ ትሪ ላይ ለመብላት ቢላዋ የያዘው ማን ነው ብለን አንጠያየቅም" ብለው ሳቁና ሽሮና ጎመን አቀረቡ። እየበላን ሳለ ጠየቅኳቸው፤ ሁለት ሚሊዮን እያለ ለምን ለእኔ?

ጉርሻ አጎረሱኝና፣ "ገና ለአንቺ አልሰጠሁም" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ደላላው መጣ። ጠጉሩን በደንብ የተቆረጠ፣ ትሑት ሰው ነው። መኪና የሚጭን ትልቅ መኪናም በሩ ላይ አስቁሟል። እማማ አስቴርን እጅ ነሥቶ ጥግ ያዘና እኛን ያየን ጀመር።

"እህቴ፣ ብረት ብረት ነው፤ ለምን ትደክሚያለሽ?" አለኝ።

"ምላስም ምላስ ነው፤ አንተስ ለምን ታደክመዋለህ?" አሉት ጋሽ ተካ፣ ራሳቸውን ከኮፈኑ ሥር ሳያወጡ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ዞረ። ዞረ እንጂ አልተነሳም። ቤንዚን ረግጬ ደገምኩ። ምንም። ጋሽ ተካ ካንዴላ ፈትተው አዩ፤ እሳቱ ሰማያዊ ነው። ቤንዚን ይደርሳል። እንደገና ሞከርን። ለእሷ የገዛነው ባትሪ እየደከመ ሄደና ድምፁ እንደሚያቃስት ሰው ሆነ። ከፎልክሷ ባትሪ ገመድ ዘርግተን ቀጠልን። ግቢው በቤንዚን ሽታ ታፈነ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ተንጠልጥለዋል። ደላላው ሰዓቱን አላየም፤ ማየት አላስፈለገውም። እኔ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ "የአባቴን ካርቶን ይዤ ልመለስ ነው" እያልኩ በልቤ አለቅስ ነበር።

እማማ አስቴር ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። "ውረጂ" አሉኝ።

ወረድኩ። ቀስ ብለው ገቡ፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡ።

"እናንተ ስትረግጡ፣ ስትረግጡ አፈናችኋት። እሷ ስትቸኩሉባት ትኮርፋለች። አሁን ሁላችሁም ዝም በሉ።"

ጋሽ ተካ ሳይቀሩ መፍቻቸውን ይዘው እንደ ተማሪ ቆሙ። እማማ አስቴር እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ጠበቁ፤ ቤንዚኑ እስኪተን ነው። ከዚያ መርገጫውን እስከ ታች ረግጠው ያዙት፤ ሳይለቁ ቁልፉን አዞሩ።

ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። አንዴ ጓ አለ። ጥቁር ጭስ ተፋ። ከዚያ አገሳ!

በረንዳው ላይ የነበሩት እርግቦች በአንድነት ተነሡ። አጥሩ ላይ ያለው ሰው እልል አለ፣ አጨበጨበ፣ አንዱ ቆርቆሮውን በእጁ ደበደበ። ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዘይት በነካው እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። እኔ ጀሪካን ላይ ቁጭ አልኩ። እማማ አስቴር ብቻ አልተገረሙም። እግራቸውን ቀስ በቀስ እየለቀቁ ድምፁ እስኪረጋ አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

"አሁን ለአንቺ ሰጠሁ" አሉ።

ደላላው ሊጨብጠኝ መጣ። "እንኳን ደስ አለሽ። አሥር ዓመት መኪና አሻሽጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም" አለ። ከልቡ ነበር። ባዶውን የጭነት መኪና ይዞ ሲሄድ እርሱም ፈገግ ብሎ ነበር።

ሰኞ

ስለ ሰኞ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ወረፋ ነው። ውል፣ ክሊራንስ፣ ለመንገዱ የሚሆን ጊዜያዊ ታርጋ፣ "ይህን ፎቶ ኮፒ አድርጊ"፣ "ማኅተሙ አይታይም"። ከሁሉ የከበደው አንዲት ጸሐፊ ኮምፒዩተሯ ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ ሞዴል እንደሌለ ስትነግረኝ ነው። የመኪናዋን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት። ጎረቤቷን ጠራች፤ ጎረቤቷ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ ፎቶውን አጉልቶ ካየ በኋላ ወንበር ስቦ ራሱ ሞላልኝ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቸርችል ጎዳና

የእማማ አስቴር ዕቃ በጭነት መኪና ቀድሞ ሄዷል። ዘመዶቻቸው ከሹፌሩ ጎን እንዲቀመጡ ቢለምኗቸው፣ "እኔ ከቁም ሳጥን ጋር አልጓዝም" ብለው እምቢ አሉ። የገላን ኮንዶሚኒየም ወደ አዳማ መውጫ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ላደርሳቸው ተስማማን።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የሹፌሩን በር ከፈትኩላቸው። ነገሩ ገባቸው፤ አላንገራገሩም። ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረው ገቡና ማርሽ አስገቡ። ከጓሮው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ኮብልስቶኑ ያለው ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነው። ያንን ሃያ እርምጃ ነዱት፤ ሳያጠፉ፣ ሳያንገጫግጩ። ውጭ አቁመው ወረዱና ወዲያኛውን ወንበር ያዙ።

"ከዚህ ወዲያ ያለው አገር ያንቺ ነው" አሉኝ።

ጣሪያውን ገልጠን ወደ ፒያሳ ወጣን። ጋሽ ተካ በፎልክሳቸው፣ መፍቻና ውኃ ጭነው ከኋላችን ይከተሉናል። ታክሲ ሹፌሮች መስኮት አውርደው ክላክስ ያደርጋሉ። ወርቅ ቤቶቹ ጋ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው፣ "አስቴር! እስካሁን አልሸጥሻትም?" ብለው ጮኹ። "አሁን ገና ሸጥኳት!" ብለው እማማ አስቴር እጃቸውን አውለበለቡ። ቸርችልን ቁልቁል ስንጀምር ፍሬኑን ፈርቼ ቀስ አልኩ።

"ቀስ አትበይ" አሉ። "ይህ ቁልቁለት ቀስ የሚባልበት አይደለም።"

ለቀቅኳት። ሞተሩ ዘፈነ። ነፋሱ የሻሻቸውን ጫፍ ከኋላ ያርገበግበዋል፤ እርሳቸው እንደ ልጅ ይስቃሉ። ግራና ቀኝ ያለው ሰው ስልኩን ያነሳል፤ አረንጓዴ መብራት በአረንጓዴ መብራት ላይ ይበራልናል። እንዲህ ያለ ደስታ በሠርጌ ቀን ብቻ ነው የማስታውሰው፤ ጀማል ይህን ሲያነብ ይቅር ይበለኝ።

ታች ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ወረቀቶቼን ሁሉ አንድ በአንድ አየ፤ በመኪናዋም ዞረ።

"ሞዴሏ ስንት ነው?"

"የመጀመሪያው" አልኩ።

"የመጀመሪያው የቱ?"

"ከእሷ በፊት የለም ልጄ" አሉት እማማ አስቴር።

ወረቀቱን መለሰልኝ። "እንግዲያው ከፊቷ አልቆምም" አለና መንገዱን ከፈተልን።

ገላን

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ስንገባ ቀድመው የተዛወሩ የውቤ በረሃ ሰዎች በየበረንዳው ቆመው ነበር። ቀይዋን ሲያዩ ከአንደኛው ፎቅ እስከ አራተኛው እልልታው ተቀባበለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ አዲሱ ቤት አንድም ጥሩ ነገር ሲናገሩ ያልሰማኋቸው እማማ አስቴር መነጽራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ሕንፃውን ተመለከቱ።

"ያው ሰፈሩ እዚህ ነው ለካ" አሉ።

ሲወርዱ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም። በክብ ጅራቷ ላይ እጃቸውን አንዴ አሳለፉ።

"ከድጃ፣ ብዙ አታሳምሪያት፤ ንጃት። ቆማ የኖረችው ይበቃታል።"

"እሺ እማማ።"

"ሞተሩን አታጥፊው። ሂጂ።"

በጎረቤት ተከበው ደረጃውን ሲወጡ እስኪሰወሩ አየኋቸው። ለሰማንያ አንድ ዓመት የቀራቸው ሴት ሦስት ፎቅ እንደ ሙሽራ ወጡት።

ወደ አዳማ

ዱከምን እንዳለፍን የሙቀቱ መለኪያ ከፍ አለ። ቢሾፍቱ ቆምን። ጋሽ ተካ ኮፈኑን ከፍተው እስኪበርድ ሻይ በሎሚ ጠጣን። ዙሪያችንን የከበበው ሰው ዋጋዋን ሲጠይቅ እርሳቸው፣ "አትሸጥም፤ ማየት ግን በነፃ ነው" ይላሉ። ውኃ ሞልተን፣ ከስልሳ ሳናልፍ፣ ሞጆን ተሻግረን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳማ ገባን።

በመንገድ ሳለሁ ያሰብኩትን ልጻፍ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አሮጌ ዕቃ ስገዛ የምመረምረው ዕቃውን ነበር፤ ማግኔት ይዤ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ መጀመሪያ ጠባቂውን መመርመር እንዳለብኝ ነው። ብረቷን ያዳናት ብረትነቷ አልነበረም፤ በየመስከረሙ ጎረቤት ጠርታ ያስገፋች ሴት ናት። አባቴም ካርቶኑን አቧራ ሲያራግፍ ሞኝ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ አልነበረም፤ ሰዓቱ ብቻ ገና ነበር።

ጀማል ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። መኪናዋን ዞሮ አያት፣ እኔን አየኝ፣ ዘይት የጠገበውን ቀሚሴን አየ። የሱቁን መዝጊያ ቁልቁል ሳበው፣ ቆለፈውና ከጎኔ ገባ።

"ወዴት?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ንጂ እንጂ!"

ወደ ቤት የተመለስነው ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ነው።